አሥራ ሦስቱ ጥያቄዎችና የቃዲው ችሎት

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አቤቱታ እናወጋለን። ሕዝብ ተሰብስቦ «የፍርድ ነገር ይስተካከልልን» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይሆናል? መልሱስ እስኪመጣ ስንት ዓመት ይፈጃል? ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የአባቶቻችን ታሪክ ይበቃናል።

ከዚያ በፊት ግን ኸውላ ቢንት ሠዕለባን (ረ.ዐ) ላስታውሳችሁ። ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት ተቆጥቶ ከእናቱ ጀርባ ጋር አመሳሰላት። ይህ ዚሃር የሚባለው የጃሂሊያ ልማድ ነው፤ ቃሉ ከወንዱ አፍ ከወጣ ሴቲቱ እርም ሆነችበት ማለት ነው። ኸውላ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዳ ተከራከረች፤ ስሞታዋንም ወደ አላህ አቀረበች። የሱረቱል ሙጃደላ የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች የወረዱት በእሷ ምክንያት ነው። ልማዱ ተወገዘ፤ ቃሉን ለተናገረ ባልም ከባድ ከፋራ ተደነገገበት። እንግዲህ «በዳኝነት ነገር አቤት ማለት አመፀኝነት ነው» የሚለን ሰው ካለ ይህችን እናት ያስብ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የቃዲ ዳኝነት ከመንግሥት አዋጅ በፊት የነበረ ነው። ሰዎች በኒካሕ፣ በፍቺና በሚራስ ሲጣሉ ወደ ዑለማ ይሄዱ ነበር። መንግሥት በሕግ ያወቀው ከጣሊያን መውጣት በኋላ ነው። መጀመሪያ በ1934 ዓ.ል፣ ቀጥሎም በ1936 ዓ.ል ስለ ናኢባና ስለ ቃዲዎች ምክር ቤቶች አዋጅ ወጣ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታና ውርስ በእነዚህ ችሎቶች እንዲታዩ ተፈቀደ። በ1952 ዓ.ል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲወጣ ግን ነገሩ ተደበላለቀ። አዲሱ ሕግ እሱ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የቀድሞ የጽሑፍና የልማድ ደንቦችን ሁሉ ሻርኩ አለ፤ ስለ ቃዲዎቹ ግን በግልጽ ምንም አልተናገረም። ቃዲዎቹ መፍረዳቸውን ቀጠሉ። ሆኖም በየትኛው ሕግ ላይ ቆመው እንደሚፈርዱ የሚጠይቅ ቢመጣ መልሱ ጥርት ያለ አልነበረም። በሕግ ላይ ያልቆመ ዳኝነት ደግሞ በሹም ፈቃድ ላይ የሚኖር ዳኝነት ነው።

1966 ዓ.ል መጣ። አስተማሪው፣ ተማሪው፣ የታክሲ ነጂው፣ ወታደሩ ሳይቀር ጥያቄውን ይዞ የተነሣበት ዓመት ነው። በየካቲት የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሙስሊሙም የራሱን ጥያቄ ጽፎ አዘጋጀና ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ ወጣ። የሰልፈኛው ቁጥር መቶ ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰልፈዋል፤ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ለመንግሥት የቀረቡት ጥያቄዎች አሥራ ሦስት ነበሩ። በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ፤ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፤ የመሬት ባለቤትነት መብታችን ይከበር፤ በመንግሥት ሥራ ውስጥ ድርሻ ይኑረን፤ ብሔራዊ ምክር ቤት እናቋቁም የሚሉት ይገኙባቸዋል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ነፃ ሆነው፣ በጀት ተመድቦላቸው ይሥሩ የሚለውም አንዱ ነበር።

እኔ ግን ከሁሉ የሚገርመኝ ስለ ስም የቀረበው ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይል ነበር። ሰልፈኞቹ ይህ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ። ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ አይደለም። «የሚኖሩ» የተባለ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ በሰው ቤት «ዳኛዬ ይከበርልኝ፣ በጀት ይመደብልኝ» ብሎ አይጠይቅም፤ የሰጡትን ተቀብሎ ያመሰግናል። የቤቱ ልጅ ግን ይጠይቃል። ስለዚህ በእኔ ግምት የፍርድ ቤቱ ጥያቄ በስሙ ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር።

መልሱ እንደ ጥያቄው በአንድ ቀን አልመጣም። በ1967 ዓ.ል ዒዱል ፊጥር፣ ዒዱል አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ይህ ቀላል ነው፤ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፋል። ምክር ቤቱ በደርግ ዘመን ቢቋቋምም የሕግ ሰውነቱን በአዋጅ ያገኘው በ2012 ዓ.ል ነው። ፍርድ ቤቱስ? በ1987 ዓ.ል ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ አንቀጽ 34 እና 78 በተከራካሪዎች ፈቃድ ለሚሠሩ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች በር ከፈቱ። ከዚያም በ1992 ዓ.ል አዋጅ ቁጥር 188 ወጣ። የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተደራጁ፤ በጀታቸው ከመንግሥት ሆነ። ቃዲው የሚፈርደው በኢስላም ሕግ ነው፤ የችሎቱ አካሄድ ግን እንደ ሌላው ፍርድ ቤት ነው። ከሰልፉ እስከዚህ አዋጅ ቁጠሩት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ይህን ሳያዩ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። ነገር ግን ሌላ አቤቱታ መጣ፤ ይህኛው በራሱ በሸሪዓው ችሎት ላይ ነበር። በአንድ የውርስ ክርክር የተከሰሰች ሙስሊም ሴት በዚህ ችሎት መዳኘት እንደማትፈልግ በጽሑፍ ተቃወመች። ችሎቱ ግን ጉዳዩን አይቶ ፈረደ። ይግባኝ ብላ፣ ሰበር ደርሳ አልተሳካላትም። በመጨረሻ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ አነሣች። በ1996 ዓ.ል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነላት።

ያን ጊዜ ቅር ያላቸው ወንድሞች ነበሩ፤ «አባቶቻችን የለፉበትን ታፈርሳለች» ያሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን የለመኑት የሚከበር ችሎት እንጂ ሰው ተጎትቶ የሚገባበት ችሎት አይደለም። ሴትየዋ ያደረገችው ሰልፈኞቹ ያደረጉትን ነው፤ ልዩነቱ ብቻዋን መሆኗ ነው። በሰው ብዛት የቀረበውን አቤቱታ እያወደስን የአንዲት ሴት ሲሆን የምንቆጣ ከሆነ፣ ከኸውላ ታሪክ ምን ተማርን?

በጀመዓችን በ1966ቱ ሰልፍ በወጣትነታቸው የተሰለፉ አንድ ሐጂ አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በወንድማቸው ሚራስ ምክንያት ተጠርተው ቃዲው ዘንድ ቀረቡ፤ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ገና ከመቀመጣቸው «ሐጂ፣ ጉዳዩ በዚህ ፍርድ ቤት እንዲታይ ይስማማሉ?» ተባሉ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞር ብለው ሳቁ። «ይህ ቤት እንዲቆም ጫማዬ እስኪያልቅ የተሰለፍኩ ሰው፣ ዛሬ ትገባለህ ወይስ ትመለሳለህ እባላለሁ?» አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውጥተው የቀረበላቸውን ወረቀት ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡና ፈረሙ።