ከጎንደር አክሱም ስንት ሰዓት ነው?

ከጎንደር እስከ አክሱም ምን ያህል ይርቃል? ጥያቄው ለጂኦግራፊ መምህር የሚቀርብ ይመስላል፤ እኔ ግን የታሪክና የፖለቲካ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ከ200 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ቀጥታ በረራ ቢኖር 40 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል የሚዘልቀው የመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን ልሂድ የሚል መንገደኛ ግን በተለመደው መርሐ ግብር መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን ይመለሳል። ሁለቱ በረራዎች ሲደመሩ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። መጠበቂያው ሲታከልበት ግማሽ ቀን ያልቃል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲለደስ፣ የአክሱም ጽዮንን ቤተ ክርስቲያን ዳግም ያሳነጹ ንጉሥ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ በ1693 አክሱም ድረስ ተጉዘው ሥርዓተ ንግሣቸውን በዚያ ፈጽመዋል። የምጽዋ ሲራራ ነጋዴም በዐድዋ አድርጎ ጎንደር ይገባ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በጃንዋሪ 1770 ከአክሱም ተነሥቶ ጎንደር የደረሰው በፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው። አንድ ወር የማይሞላ የእግርና የበቅሎ ጉዞ መሆኑ ነው። አዝጋሚ ቢሆንም ቀጥተኛ ነበር፤ በሦስተኛ ከተማ በኩል አልዞረም።

መስመሩን ያጠፈው የመንግሥት ማዕከል ወደ ሸዋ መዞሩ ነው። አዲስ አበባ በ1886 ተቆረቆረች፤ የጅቡቲው ባቡር በ1917 ደረሰላት፤ ንግዱም ፊቱን ወደዚያ አዞረ። በሊማሊሞ ገደል መኪና ያሳለፈው የጣልያን ወራሪ ሲሆን፣ ዓላማው ጦርን ማመላለስ ነበር። ከነጻነት በኋላ የተዘረጋው የአየር መስመርም እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከአንድ ጫፍ የሚበተን ሆነ። ለዚህ አሠራር በቂ የሆነ የንግድ ምክንያት አለ፤ መንገደኛን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማከፋፈል ወጪ ይቀንሳል። ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን ያያይዝ የነበረው መስመር እንኳ በዋናነት የታሰበው ለጎብኚ እንጂ ለጎረቤት አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ አየሩም ምድሩም ተዘጋ፤ በሰኔ ወር በጎንደርና በሽሬ መካከል የነበረው የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላ አውሮፕላን በታኅሣሥ ወደ መቀሌ፣ በ2016 ደግሞ ወደ አክሱም ተመልሷል። የተመለሰው ግን ከአዲስ አበባ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ሁለቱ ክልሎች የሚነጋገሩትም ልክ እንደ አውሮፕላኑ ነው፤ ቅሬታቸውም ዕርቃቸውም በማዕከሉ በኩል ይዞራል። በተከዜ ወዲህና ወዲያ ተጋብቶ፣ ተዋልዶና ተገበያይቶ የኖረው ሕዝብ ስለ ጎረቤቱ የሚሰማው ከሩቅ ነው። ሰላም በፊርማ ይጀመራል፤ የሚጸናው ግን ነጋዴው፣ ተማሪውና አማቹ ያለ ሥጋት ወንዙን ሲሻገሩ ነው።

በበቅሎ አንድ ወር ያልፈጀውን መንገድ በጄት ዘመን የማይደረስበት ካደረግነው፣ ጥፋቱ የተራራው አይደለም።

ቸር ይግጠመን።