ካርቦን ብስክሌትና የመሰበር ስጋት
ከካርቦን ፋይበር የተሠራ የእሽቅድምድም ብስክሌት ቴላዮ፣ ማለትም ጎማ፣ መሪና ኮርቻ የሚገጠሙበት አካል፣ ዛሬ ከ1 ኪሎ ግራም በታች ሊመዝን ይችላል። ይህን ያህል የቀለለ ነገር ሰው ተሸክሞ ቁልቁለት መብረሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥርጣሬ ሲያስነሣ ኖሯል። ጥርጣሬው መሠረት የለሽ አልነበረም። ሰዉ የፈራው ግን የካርቦን ቃጫውን (ፋይበሩን) ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከዳው ቃጫው ሳይሆን ከብረት ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው።

ቁሱ የተወለደው ከብስክሌት ርቆ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ባለሙያ ሮጀር ቤከን እ.ኤ.አ. በ1958 ኦሃዮ ውስጥ በሚገኘው የዩኒየን ካርባይድ ቤተ ሙከራ ጠንካራ የካርቦን ቃጫ ሠራ። ቀጥሎም ጃፓናዊው አኪዮ ሺንዶ፣ ከዚያም በእንግሊዝ የፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ባለሙያዎች አክሪሊክ ክርን በከፍተኛ ሙቀት በማክሰል ለፋብሪካ የሚመች የአመራረት መንገድ ከፈቱ። ድክመቱም ወዲያው ታየ። ሮልስ ሮይስ አርቢ211 ለተባለው የአውሮፕላን ሞተር ያዘጋጃቸው የካርቦን የማራገቢያ ክንፎች የወፍ ግጭት ሙከራን አላለፉም፤ በታይታኒየም ተተኩ። ኩባንያውም የሞተሩ ልማት ወጪ ከብዶት በ1971 ከሰረ። ቃጫው በርዝመቱ ሲጎተት ከብረት ይበረታል፤ ቃጫዎቹን የሚያያይዘው ሙጫ ግን ደካማ ነው። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ በቀላሉ እንደሚፈለጥ ሁሉ፣ የካርቦን ንጣፍም ከጎን ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት ንብርብሮቹ ሊላቀቁ ይችላሉ። አምራቾች ንጣፎቹን በተለያየ አቅጣጫ የሚደራርቡት ለዚህ ነው።

የነዳጅ ኩባንያው ኤክሰን በ1970ዎቹ አጋማሽ ግራፍቴክ የተባለውን ብስክሌት ለገበያ ሲያቀርብ፣ የካርቦን ቱቦዎቹ በብረት መጋጠሚያዎች ውስጥ በማጣበቂያ የተያዙ ነበሩ። ብስክሌቱ በቅለቱ ተደነቀ፤ መጋጠሚያዎቹ ግን ይለቁ ስለነበር ክፉ ስም አተረፈ። በ1980ዎቹ የፈረንሳይ አምራቾች በአሉሚኒየም መጋጠሚያ ሲሠሩ ሌላ ችግር ተከተለ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ላብ ወይም የዝናብ ውሃ በመካከል ሲገባ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ማጣበቂያውም ይላቀቃል። መፍትሔው በሁለቱ መካከል ቀጭን የመስታወት ቃጫ ንጣፍ ማስገባት ነበር። ይህን ቀላል የሚመስል ነገር ለመማር ብዙ ቴላዮ ተበላሽቷል።

1986 የመለወጫ ዓመት ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ቱር ደ ፍራንስን በካርቦን ቱቦ ብስክሌት አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኬስትረል የተባለው የአሜሪካ አምራች የቱቦ መጋጠሚያ የሌለው፣ በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ሙሉ የካርቦን ቴላዮ አወጣ። አስጊው መጋጠሚያ ሲቀር የክርክሩ መልክ ተለወጠ። አሁን የሚጠየቀው ቁሱ ራሱ ክፉ መንገድ ይችል እንደሆነ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ በሰሜን ፈረንሳይ ከሚካሄደው የፓሪስ–ሩቤ ውድድር የተሻለ ፈታኝ አይገኝም። ውድድሩ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ያህሉ ያረጀ፣ እኩልነት የሌለው የኮብልስቶን መንገድ ነው። ከ1992 እስከ 1994 ያሸነፉት ብስክሌተኞች ንዝረት የሚያበርድ የፊት ሹካ ተጠቅመው ነበር። ጣሊያናዊው የብስክሌት አምራች ኤርኔስቶ ኮልናጎ ግን በ1995 የማፔይ ቡድን ሲ40 የተባለውን የካርቦን ብስክሌት ማብረጃ በሌለው ቀጥ ያለ የካርቦን ሹካ እንዲጠቀም ወሰነ። በብስክሌት ሰዎች ዘንድ እንደሚነገረው፣ የቡድኑ ባለቤት ጆርጆ ስኩዊንዚ በውድድሩ ዋዜማ ለኮልናጎ ደውሎ ሹካው ተሰብሮ ሰው እንዳይጎዳ ያለውን ፍርሃት ገለጸለት፤ ኮልናጎም ኃላፊነቱን ወሰደ። በማግስቱ የቡድኑ ጋላቢ ፍራንኮ ባሌሪኒ ብቻውን ገብቶ አሸነፈ። በ1996 ደግሞ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ሦስቱም የማፔይ ጋላቢዎች ነበሩ። የስኩዊንዚ ፍርሃት ግን የሚናቅ አይደለም፤ በዚያ ፍጥነት የሚሰበር ሹካ ለጋላቢው ሕይወት አደጋ ነው።

በ2006 በዚሁ ውድድር የጋላቢው ጆርጅ ሂንካፒ ብስክሌት የመሪ ዘንግ ተቆርጦ እሱም በአስከፊ ሁኔታ ወደቀ። ብዙ ተመልካች ጣቱን ወደ ካርቦን ቢቀስርም፣ የተቆረጠው ዘንግ አሉሚኒየም ነበር።

ይህ ሁሉ ካርቦንን ከጥፋት ነጻ አያወጣውም። ብረት ከመሰበሩ በፊት ብዙውን ጊዜ ይጎብጣል፤ ካርቦን ግን ሳይጎብጥ ሊሰበር ይችላል። ከውድቀት በኋላ ቀለሙ ደህና እየመሰለ ከውስጥ ንብርብሩ ሊላቀቅ ይችላል። ከልክ በላይ የጠበቀ ቡሎንም መሪውን ወይም የኮርቻውን ዘንግ ያደቅቃል፤ ስለዚህ አምራቾች የማጥበቂያውን ልክ በኒውተን ሜትር ጽፈው ይሰጣሉ፤ መካኒኩም ልኩን በሚያሳይ ቁልፍ ያጠብቃል።

ስጋቱ ወደ ሕግም ገባ። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከ2000 ጀምሮ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ደነገገ፤ ቅለት ፍለጋ ጥንካሬን እንዳይበላ ከታሰበባቸው እርምጃዎች አንዱ ይህ ነው። አውሮፓ በ2005 ለእሽቅድምድም ብስክሌቶች የራሷን የደኅንነት መለኪያ አወጣች፤ ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 4210ም በ2014 ተሻሽሎ ወጣ። በእነዚህ መለኪያዎች መሠረት ቴላዮው 100,000 ጊዜ በፔዳል ኃይል ይፈተናል፤ 22.5 ኪሎ ግራም ክብደትም ይወድቅበታል። ለካርቦን የተለየ ጥብቅ ነጥብ አለ፦ በፔዳሉ ፈተና ባይሰበር እንኳ መተጣጠፉ ከመነሻው ከ20 በመቶ በላይ ከጨመረ አያልፍም፤ መላላቱ ውስጣዊ ጉዳት ሊሆን ይችላልና። ፈተናው ግን የሚያረጋግጠው አዲሱን ቴላዮ ነው። የወደቀውን የሚመረምረው የጥገና ባለሙያ ነው፤ በሳንቲም እየቆረቆረ የደነዘዘ ድምፅ ያዳምጣል፣ ጥርጣሬ ሲኖረው በአልትራሳውንድ ያያል፣ የተላቀቀውን ንብርብር ሞርዶ አዲስ ንጣፍ በሙጫ ይደርብበታል።