ኪሳራ ለነጋዴ፣ ዕዳ ለገበሬ

ስለ ዕዳ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ገንዘብ ነው። በመሠረቱ ግን የዕዳ ታሪክ የገንዘብ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ «መክፈል ያቃተው ሰው ምን ይደረግ?» የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። ከንፋስ መውጫ እስከ ስማዳና እስቴ ባለው ደጋና ቆላ ይህ ጥያቄ ዝናብ ባጠረ ቁጥር ይነሳል። ገበሬው ለዘር፣ ለበሬ፣ ለቀለብ ይበደራል፤ አዝመራው ከከዳው ዕዳው ብቻ ይተርፈዋል። ታዲያ ሕጉ ለዚህ ሰው ምን መውጫ አበጀለት? እስቲ ከሥሩ እንየው።

በጥንቱ ሥርዓት የነበረውን የሚነግረን አንድ ቃል አለ፤ ቁራኛ። ዕዳውን ያልከፈለና ዋስ መጥራት ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰር ነበር። ነገሩ እስኪያልቅ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ይህን አይተው በፎቶግራፍ አስቀርተውታል። እኛም ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» ስንል ሳናውቀው ያንን ሰንሰለት እንጠራለን። ፍትሐ ነገሥቱ ወለድን ይከለክላል፤ አራጣ ግን በተግባር ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። መሬት ያለውም ቢሆን «ወለድ አገድ» ይገባ ነበር፤ አበዳሪው መሬቱን ይዞ ፍሬውን በወለድ ፈንታ ይበላል፣ ዋናው ገንዘብ ግን እንዳለ ይቆያል። በገዛ መሬቱ ላይ ሌላ ሰው ሲያጭድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ የጋይንት ሽማግሌ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ዘመናዊው ሕግ የመጣው ለሌላ ሰው ነው። በ1925 ዓ.ም. የኪሳራ ሕግ ወጣ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ፈረንሳውያኑ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ ያረቀቁት የንግድ ሕግም አምስተኛውን መጽሐፍ ለኪሳራ ሰጠ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነጋዴው መክፈል ሲያቆም ፍርድ ቤት ቀርቦ ያስታውቃል፤ ንብረቱን የሚጠብቅ ሰው ይሾማል፤ አበዳሪዎች ሁሉ በአንድ ላይ ቀርበው የተገኘውን እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ፤ ወይም ከባለዕዳው ጋር ስምምነት ያደርጋሉ። ቀድሞ የደረሰ ሁሉንም ይዞ እንዳይሄድ ነው ነገሩ።

ግን ለማን? ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር። በእጁ የሚሠራው ባለሙያና አራሹ በዚያ ሕግ ነጋዴ አልተባሉም። በ2013 ዓ.ም. አሮጌውን የኪሳራ ክፍል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243ም በሩን የከፈተው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። ስለዚህ ለሱቅ የሚሆን መውጫ ተበጀ፤ ለማሳ አልተበጀም።

እርግጥ ነው፣ ለገበሬው አንድ ጊዜ ትልቅ ነገር ሆኗል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኛውን ለባለመሬቱ ካለበት ዕዳ ነፃ አደረገው፤ መሬትንም መሸጥ፣ ማስያዝና በወለድ አገድ መስጠትን ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ከዚያ በ1988 ዓ.ም. የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ) ተመሠረተ። ማስያዣ ለሌለው ገበሬ የብድር በር የከፈተው በቡድን ዋስትና ነው፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍሉለታል። በክልሉ የ2009 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ደግሞ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ማስያዝ ቻለ። እንግዲህ ልብ በሉ! ሰንሰለቱ ተፈታ፤ ዋስነቱ ግን አልተፈታም። አንዱ ዕዳ ከብዶት ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተማ ሲኮበልል፣ ለጎረቤቱ ዕዳ ከሜዳ ይሆንበታል።

ይህም ሆኖ ሕጉ ውስጥ ትናንሽ በሮች አሉ፤ ሰው አያውቃቸውም እንጂ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች የሚስማሙበት የብድር ወለድ በዓመት ከ100 ብር 12 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አራጣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ዳኛው ለባለዕዳው እስከ 6 ወር የሚደርስ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በፍርድ የማይነኩትን ይዘረዝራል፤ የቤተሰቡ ልብስና መኝታ፣ የሥራ መሣሪያው፣ የ3 ወር ቀለቡ፣ ለአራሹም ኑሮውን ለመግፋት የሚያስፈልጉት ከብትና ዘር። ይኸው ሕግ የዳኝነት መክፈል ለማይችል ሰው «በድኃ ደንብ» መክሰስን ፈቅዷል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ስላቃተው ብቻ አይታሰርም ይላል። አጥቶ የቀረና እያለው የደበቀ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

«በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይላል ያገራችን ሰው። በጥንቱ ጊዜ መንገደኛው እንኳ ቆሞ ዳኛ ይሆን ነበር፤ ተሟጋቹም ሙግቱን በቃሉ ያውቀዋል። ዛሬ ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ ባላገሩ የሚያገኘው ግን ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ ነው። ከስማዳ ቆላ ወጥቶ የመጣ ባለዕዳ በሬው እንደማይሸጥበት የሚነግረው ከሌለ፣ በሬው ይሸጣል። አለቀ። ያልተጠየቀ መብት በወረቀት ላይ ያለ መብት ነውና።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል እላለሁ። አንደኛው የሕግ አውጪው ሥራ ነው፤ ኪሳራ የሚባለው ነገር ከነጋዴው አልፎ በቅን ልቦና ተበድሮ ድርቅ ለመታው ቤተሰብ እንዲደርስ ማድረግ። ሁለተኛው ግን የኛ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጠት ጀምረዋል፤ ጎንደርና ባሕር ዳር ለዚህ ምስክር ናቸው። የሕግ ተማሪ ያልሆንነውም ብንሆን ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ እነዚያን አንቀጾች በሚገባ አማርኛ ጽፈን ለእድሩና ለማኅበሩ ማንበብ አያቅተንም። ዕዳ ያለበት ሰው አገር ጥሎ ከመጥፋቱ በፊት ደጁ ላይ ያለውን በር ይየው።