ከድንቹ ገበታ በስተጀርባ

የነገሥታትን ውሎ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ጽፈው አቆይተውልናል። የድኻውን ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ከድስቱ ነው። ምን እንደ ዘራ፣ ምን እንደ ሸጠ፣ ምን እንደ ተወሰደበትና ምን እንደ ጎደለበት የሚበላው ምግብ ይናገራል። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት ሩቅ ደሴት ምግብ ነው። ስለ ምግቧ ጀምሬ ስለ ረሃቧ ብጨርስ አትደነቁ፤ በአየርላንድ ሁለቱን ነጣጥሎ መተረክ አይቻልምና። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ የእኛ በሚሆንበት ጊዜ ዓ.ም. እላለሁ።)

በእኛ አዲስ ዓመት ሰሞን፣ በደቡብ አየርላንድ በኮርክ አውራጃ በምትገኘው ሚድልተን ከተማ፣ የምግብ ፌስቲቫል ላይ ተገኝቼ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ድንኳን ተተክሏል፤ ከየድንኳኑ ጭስና መዓዛ ይወጣል። በመጀመሪያ የቀመስሁት ኮልካነን የሚሉትን ነው። ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ከጎመን ጋር ተለውሶ፣ መካከሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤ ይቀልጥበታል። በጥቅምት ማብቂያ በሚከበረው በዓላቸው ዋዜማ በዚህ ምግብ ውስጥ ቀለበት ይደብቁበት ነበር፤ ቀለበቱ የደረሰው ሰው በዓመቱ ያገባል ተብሎ ይታመን ነበር። ለጥቆ ቦክስቲ መጣ። ጥሬ የተፈቀፈቀ ድንች ከተቀቀለ ድንች፣ ከዱቄትና ከአሬራ ጋር ተቀላቅሎ በምጣድ የሚጋገር ቂጣ ነው። የበግ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ድንች ብቻ የሚገቡበትን ነጭ ወጣቸውን፣ በአሬራና በሶዳ ከሚነሳው ዳቦ ጋር በላሁ። በርበሬ የለመደ ምላስ መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ ጥቂት ከታገሡት ግን የሥጋውም የድንቹም ጣዕም ራሱን ችሎ ይመጣል።

ሁሉም ዘንድ ድንች አለ። ነገር ግን ድንች የአየርላንድ ጥንታዊ ምግብ አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ወደ ደሴቲቱ የደረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ሕዝቡ የሚኖረው በአጃ ገንፎና ቂጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወተት፣ በእርጎና በቅቤ ነበር። ከረግረግ መሬት ውስጥ ሲቆፍሩ በብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተቀበረ ቅቤ እስከ ዛሬ ያገኛሉ። ታዲያ የላምና የአጃ አገር እንዴት የድንች አገር ሆነ?

መልሱ ያለው ከመሬቱ ላይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶችና ወረራዎች አብዛኛው መሬት ከአየርላንዳውያን እጅ ወጥቶ በእንግሊዝ ወገን ባለርስቶች እጅ ገባ። ገበሬው ጭሰኛ ሆነ። ያመረተው እህል፣ ያረባው አሳማና የናጠው ቅቤ ለመሬት ኪራይ ይሄዳል። ለራሱ የቀረችው ቁራሽ መሬት ቤተሰቡን ልትመግብ የምትችለው ድንች ሲተከልባት ብቻ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ጉልበተኛ ሠራተኛ በቀን ከ4 እስከ 6 ኪሎ ግራም ድንች ይበላ እንደ ነበር ይነገራል። ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከድንችና ከጥቂት አሬራ በቀር ሌላ የሚተማመንበት ምግብ አልነበረውም። በዚያው ዘመን ግን የኮርክ የቅቤ ገበያ በዓለም ታላቅ ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ በጨው የተጠበቀ የበሬ ሥጋም ከኮርክ ወደብ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይልና ለካሪቢያን ደሴቶች ሲጫን ኖሯል። ሥጋውን ያረባው ሰው ሥጋውን አይቀምስም ነበር።

በ1845 መስከረም የድንችን ቅጠል የሚያጠቁርና ከመሬት ውስጥ ያለውን ፍሬ የሚያበሰብስ በሽታ አየርላንድ ገባ። በተከታዩ ዓመት አዝመራው ከሞላ ጎደል ጠፋ። እስከ 1852 በዘለቀው መከራ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ደግሞ በመርከብ ተሳፍሮ ተሰደደ። በ1841 ቆጠራ ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ ዛሬም ወደዚያ ቁጥር አልተመለሰም። ከሁሉ የሚያንገበግበው፣ በእነዚያ ዓመታት እህል፣ ከብትና ቅቤ የጫኑ መርከቦች ከአየርላንድ ወደቦች መነሣታቸውን አለማቋረጣቸው ነው። በሽታው የድንች ነበር፤ እልቂቱን የወለዱት ግን ርስቱ፣ ገበያውና የለንደን መንግሥት ውሳኔ ጭምር ናቸው።

በ1847 ሚያዝያ ስመ ጥሩ የምግብ ባለሙያ አሌክሲስ ሶየር በደብሊን የሾርባ ማእድ ቤት ከፈተ። ረሃብተኞች በደወል ተጠርተው በተራ ይገባሉ፤ ማንኪያው በሰንሰለት ታስሯል፤ ደወሉ ሲደገም ወጥተው ለሌላው ይለቃሉ። በመክፈቻው ዕለት ባለጸጎች አምስት አምስት ሽልንግ ከፍለው ድኾቹ ሲበሉ ተመልክተዋል ይባላል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የመንግሥት ሾርባ በቀን ለ3 ሚሊዮን ሰው ይታደል ነበር። ሰው ከሞት የዳነበት ሥራ ነበር፤ ነገር ግን በመጸው አስቆሙት።

በአይሪሽ ቋንቋ ይህን ዘመን «አን ድሮኽሂል» ይሉታል። ፍቺው ክፉ ኑሮ፣ ክፉ ዘመን ማለት ነው። ይህን ስሰማ የያዝሁት ማንኪያ ከእጄ ላይ ከበደኝ። እኛስ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን እልቂት «ክፉ ቀን» አይደል የምንለው? በእነርሱ ላይ የድንች በሽታ ወረደ፤ በእኛ ላይ የከብት በሽታ። በሬው ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ ድንቹ ሲበሰብስ የሚበላ ጠፋ። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ለመከራቸው አንድ ስም አወጡ።

ኋላ ግን ተዋወቁ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በሙዚቃ እርዳታ ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ የደብሊን አካባቢ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1985 በተካሄደው ላይቭ ኤይድ፣ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ እንደ አየርላንድ ሕዝብ የሰጠ እምብዛም አልነበረም። በዚያን ጊዜ አየርላንድ ባለጸጋ አገር አልነበረችም። ስለ ስጦታቸው ሲጠየቁ ብዙዎች የሚያነሡት የአያቶቻቸውን ረሃብ ነበር።

በዚያችው በሚድልተን፣ ከከተማይቱ መናፈሻ በአንዱ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ዘጠኝ ታላላቅ የንስር ላባዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከስድስት ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ቅርጻቸው የሳህን ነው። ቀራጺው አሌክስ ፔንቴክ ሲሆን በ2017 ተመርቋል። መታሰቢያነቱ ለቾክታው ሕዝብ ነው። እነዚህ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከ1831 ጀምሮ በግድ ከምድራቸው ተነቅለው በመንገድ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻቸውን ቀብረዋል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1847፣ ላላዩት ለአየርላንድ ሕዝብ 170 ዶላር አዋጥተው ላኩ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ። በ2020 ወረርሽኙ ናቫሆና ሆፒ የተባሉትን ነባር ሕዝቦች ባጠቃ ጊዜ፣ አየርላንዳውያን ያንን ውለታ እየጠቀሱ ገንዘብ አዋጥተዋል።

የብረቱ ሳህን ባዶ ነው። ከተማይቱ በየዓመቱ ገበታዋን ስትዘረጋ እርሱም ባዶውን እዚያው ይቆማል። እኔ እንደሚመስለኝ የአየርላንድ ሰዎች ድንቹን በቅቤ የሚያከብሩት ረሃቡን ረስተው አይደለም፤ ምን ጎድሎባቸው እንደ ነበር ስለሚያውቁ ነው። ይህን ያወቁት ደግሞ ስለ ጻፉ፣ ስለ ጠየቁና ለልጅ ስለ ነገሩ ነው።

የእኛን የ1966ቱንና የ1977ቱን ያዩ ሰዎች ዛሬም በየቤታችን አሉ። ምን ዓይነት ቅጠል እንደ ቀቀሉ፣ የዘር እህሉን መቼ እንደ በሉት፣ የመጨረሻዋን እንጀራ ለማን እንዳካፈሉ የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ ዜና መዋዕሉ ይህን አይነግርህምና፣ እናትህ አጠገብ ተቀመጥና ጠይቃት፤ የነገረችህንም ጻፈው።