ያልደረሰው ባቡርና የቆመው ባቡር

ሐዋሳ መናኸሪያ ገና በጠዋቱ በጩኸት ይሞላል። «ሻሸመኔ! ዲላ! አዲሳባ!» ይላሉ ረዳቶቹ። ሚኒባሱም፣ ቅጥቅጡም፣ አገር አቋራጩም አለ። ባቡር ግን የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ሊኖር ግን ነበር።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡርን ከናዝሬት ቀጥሎ እስከ ዲላ የማድረስ ዕቅድ ነበር። ሐዋሳ በዚያው ዘመን፣ በራስ መንገሻ ስዩም የሲዳሞ እንደራሴነት ጊዜ የተቆረቆረች ጨቅላ ከተማ ነበረች። ሐዲዱ ቢዘረጋ ኖሮ የሲዳማና የጌዴኦ ቡና በፉርጎ ተጭኖ ጂቡቲ በወረደ ነበር። ነገር ግን የጭነት መኪና እየበዛ፣ መንገድ እየተሠራ፣ የአሰብ ወደብም ገበያውን እየተሻማ መጣ። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በመጣው የባቡር ዕቅድም ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርድ መስመር ተሥሏል፤ ሐዋሳ መናኸሪያ ግን ዛሬም የሚጠራው በመኪና የሚደረስበትን ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ መነሣት ያለበት ለቁጭት አይደለም። ያልተሠራው መስመር ስለ ተሠራው የሚያስተምረን ነገር ስላለ ነው።

አፄ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ግንባታ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋን ወለደ። ኩባንያው ከሰረ፤ ሌላ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለገሃር ላይ ዛሬም የቆመው ጣቢያ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። 784 ኪሎ ሜትር፣ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ፤ የአገሪቱ ዋና የባሕር በር ይኸው ነበር።

ከዚያ ማርጀት መጣ። የሶማሊያ ጦርነት ሐዲዱን ጎዳው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ፤ በአፍሪካ ታሪክ እጅግ የከፋው የባቡር አደጋ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው ጉዞ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ አሮጌው የተረሳ መሰለ። ይሁንና በ2005 ዓ.ም. ክረምት ከድሬዳዋ ወደ ጂቡቲ ድንበር የሚሄደው ቁራጭ ተጠግኖ እንደገና ተንቀሳቅሶ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቁራጭ ተነሥቶ መስመሩን በድሮ መንገዱ ወደ ምዕራብ መመለስ ይቻላል ወይ?

ሙሉውን እስከ ለገሃር መመለስ ሕልም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሐዲዱ ተነቅሎ ቦታው ለሌላ ሥራ ውሏል። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መንገዱንም ሐዲዱንም ሲፈታተን ኖሯል። በሌሎች ብዙ ቦታዎች ሐዲዱ ተሰርቋል ወይም አፈርና ቁጥቋጦ ውጦታል። «784 ኪሎ ሜትር እንመልሳለን» የሚል ሰው አንዱንም ኪሎ ሜትር አይመልስም።

በቁራጭ በቁራጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሁርሶና ኤረር መግፋት አንድ ነው። አዋሽ ጣቢያ ላይ፣ ከአሮጌው ቡፌ ተነሥቶ በአጭር ርቀት ጎብኚ ማመላለስ ሌላ ነው፤ ብሔራዊ ፓርኩም እዚያው ደጅ ላይ ነው።

ጎረቤት ኤርትራ ያደረገችው ይህንኑ ይመስላል። በጦርነቱ ጊዜ የምፅዋ–አስመራ ሐዲድ ተነቅሎ ለምሽግ ውሎ ነበር። ከነፃነት በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ የተበተነውን ብረት ሰብስበው 118 ኪሎ ሜትሩን በ1995 ዓ.ም. ገደማ አስመራ አደረሱት። ድሮ እስከ ከረንና አቆርደት ይዘልቅ የነበረው ቀሪ መስመር ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት አልተመለሰም። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል፦ ሥራውን የሚያውቅ እጅ በሕይወት ካለ ተአምር ይሠራል፤ ደግሞም ተአምሩ ወሰን አለው።

«አስፋልት ያላገኘ ወረዳ ሞልቶ አሮጌ ብረት ይጠገን?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን አሮጌው ባቡር ቅርስ ከመባሉ በፊት የሰው መጓጓዣ ነበር። ዕቃዋን ይዛ በየጣቢያው የምትወርደው ነጋዴ፣ በየመንደሩ የሚቆመው ፉርጎ፣ ከተማ መሐል ያለው ጣቢያ የእሱ ነበሩ። የአዲሱ ባቡር ጣቢያዎች ከከተማ የራቁ ናቸው፤ ለትንሽ መንደርም አይቆምም። ቅርሱ የሚኖረው ፈረንጅ ፎቶ ስላነሣው ብቻ ሳይሆን የሽንሌና የኤረር ሰው ከተሳፈረበት ነው።

ደግሞም የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የባቡሩን መሬት ለሌላ አለመስጠት፣ የቀረውን ሐዲድና ድልድይ መቁጠርና መጠበቅ፣ መለዋወጫውን ራሱ ይሠራ የነበረውን የድሬዳዋ ወርክሾፕ አለመዝጋት፣ አዛውንቱ መካኒክ ሳያልፍ ከአጠገቡ ወጣት ማስቀመጥ። ሎኮሞቲቭ ቆይቶ ይገዛል። ቤት የተሠራበት የሐዲድ መሬት ግን ተመልሶ አይገዛም።

የሐዋሳና የድሬዳዋ ልዩነት ይኸው ነው። ሐዋሳ ያላት ወረቀት ነው፤ ድሬዳዋ ያላት መሬት ላይ የተሠመረ መንገድ ነው። ያ መንገድ ካርታ በካርታ ተሸንሽኖ ካለቀ፣ ነገ የድሬዳዋ መናኸሪያም እንደ ሐዋሳው «ባቡር ሊኖር ነበር» ማለት እንኳ አይቀርለትም፤ «ባቡር ነበረን» ብቻ ይላል። እሱ ደግሞ ከ«ሊኖር ነበር» ይልቅ ያማል።