እፎይ የሚሉት ግንብ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ልጅ እግር ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአውራ ጣቱ የትከሻ አጥንቶቼን መሃል ጫን ሲያደርገው ጮኼ አልጋውን ለቅቄ ልነሣ ምንም አልቀረኝ።

«እናቴ፣ ከባድ ነገር ይሸከማሉ እንዴ?»

«የሰው ሒሳብ» አልኩት። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ላይ ያጎነበስኩ ሴት ነኝ፤ መጀመሪያ በካርቦን ወረቀት፣ ኋላ በኮምፒውተር። ሣቀና ምክሩን ሰጠኝ። በየሠላሳ ደቂቃው ተነሥቼ፣ ተረከዜንና ጫንቃዬን ግድግዳ አስነክቼ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተደግፌ መቆም አለብኝ። ለዚህ ምክር የከፈልኩት ብር አላንገበገበኝም። የገረመኝ ምክሩን ከዚህ በፊት የማውቀው መሆኑ ነው።

እማዬ ከየካ ተራራ እንጨት ተሸክማ ነው ያሳደገችን። ቤታችን ኮተቤ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትወጣለች፤ ረፋድ ላይ ከቁመቷ የሚረዝም እስር በጀርባዋ አግድም ይዛ ትመለሳለች። ገመዱ በሁለት ትከሻዋ ዞሮ ደረቷ ላይ ይቋጠራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ቀን ሸክሟን ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 38 ኪሎ። ባለወፍጮው ለቀልድ እሷንም ሚዛኑ ላይ አቆማት። 46።

አዲስ አበባ በ1879 ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ ማገዶ ቸገራት። በዙሪያዋ የነበረው ጥድ ለቤትም ለምድጃም ተቆርጦ አለቀ፤ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ መዲና ማስገንባት ጀምረው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህን በትምህርት ቤት ተምረናል። ዛፉ ከተራራው ወርዶ ምጣድ ሥር እንዴት እንደሚገባ ግን ማንም አላስተማረንም። ግንዱ በመኪናና በአህያ ይወርዳል። ቅጠሉና ጭራሮው፣ ማለትም እንጀራውን የሚጋግረው፣ በሴት ጀርባ።

በ1967 መሬት የመንግሥት ሲሆን ጫካውም የመንግሥት ሆነ፤ ዘበኛም ቆመለት። ስለ ዘበኞቹ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ደግ ነበረ፣ ክፉም ነበረ። እማዬ ከተመታችበት ቀን ይልቅ ገመዷን የቀሟት ቀን ነው ስታለቅስ ያየኋት።

አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከዞረበት ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ በዚያ በኩል ቪላው እየበዛ ሄዶ ነበር። ቪላ ሁሉ ደግሞ ከኋላው ጭስ የጠገበ ማድ ቤት አለው። ስለዚህ ሸክሙ ከየካ ወርዶ በኮተቤ፣ በላምበረት አድርጎ መገናኛ ይደርሳል፤ ከዚያ ገሚሶቹ ወደ ሾላ ገበያ፣ ደንበኛ ያላቸው ወደ ቦሌ። እኔ ዛሬ በዋናው በር የምገባበትን ሰፈር እማዬ የምታውቀው በጓሮ በሩ ነው። «ባለ ቀዩ ውሻ ቤት»፣ «ሒሳብ የምታሳድረው ሴትዮ ቤት» ትል ነበር።

ትምህርት በሌለበት ቀን እከተላት ስለነበር መንገዱን የማውቀው በማረፊያው ነው። የሸክም ከባዱ ነገር መሄዱ አይደለም፤ ማውረዱ ነው። እንጨቱ አንዴ መሬት ከነካ ብቻሽን አታነሺውም፤ የሚያሸክምሽ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ አይወርድም። በወገብ ልክ የሆነ ነገር ይፈለጋል፤ የግንብ እርከን፣ የተናደ የመንገድ ዳር፣ የወደቀ ግንድ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ኋላ ጠጋ፣ ጠጋ ትልና የእስሩን ታች እርከኑ ላይ ታሳርፈዋለች። ገመዱ ይላላል። ከገመዱ ሥር ሁለት ጣቷን አስገብታ ትከሻዋን ታሻለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ «እፎይ»። እሷና ጓደኞቿ ቦታውንም እፎይ ነበር የሚሉት። «ሁለተኛው እፎይ ላይ ጠብቂኝ» ይባባላሉ። ከኮተቤ እስከ መገናኛ አምስት ነበሩ። ከሁሉ የሚሻለው ላምበረት አጠገብ የነበረ አንድ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከብዙ ሴት ጀርባ ብዛት እርከኑ ለስልሶ ያብለጨልጭ ነበር።

ማታ ደግሞ ሕክምናው አለ። ሕመሙ ስሙ «ብርድ» ነው፤ ሲብስ «ውጋት»። ከሸክሙ ነው ብላ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም፤ ከሸክሙ ነው ካለች መተው ሊኖርባት ነው። የሰፈራችን ወጌሻ በለጋ ቅቤ ያሻታል፤ እጁ ጥሩ ነበር፣ ዛሬ ከማገኘው መታሸት አያንስም። በዓመት አንዴ ሁለቴ ትታገማለች። በምላጭ ጫር ጫር ይደረግና የከብት ቀንድ ይደፋበታል፤ አጋሚው በቀንዱ ጫፍ ቀዳዳ አየሩን በአፉ ይስብና በሰም ይደፍነዋል። ጥቁር ደም ሲወጣ «ይኸው ብርዱ!» ይላል። ዋግምቱ ሕመሟን ለሳምንት ያህል ያስታግስላት ነበር፤ በአንድ ምላጭ ስንቱን እንደሚጭሩ ሳስበው ግን አሁንም ይዘገንነኛል። ለማንም አልመክረውም። ገላዋን ሳጥባት ጫንቃዋ ላይ ስድስት ክብ ጠባሳ ቆጥሬያለሁ፤ በግራና በቀኛቸው የገመዱ መስመር አለ።

ይህን ለለንደኗ የእህቴ ልጅ በስልክ ሳጫውታት በማግስቱ ፎቶ ላከችልኝ። ፒካዲሊ በሚባለው ጎዳና ዳር፣ በሁለት የብረት እግር የቆመ ወፍራም ጣውላ። መጀመሪያ የተተከለው በ1861 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተሸካሚዎች ሸክማቸውን ሳያወርዱ እንዲያሳርፉበት። የኔፓል ተሸካሚዎች ደግሞ ቶክማ የሚባል አጭር ከዘራ አላቸው፤ ሲደክማቸው ከሸክሙ ሥር ያቆሙትና እዚያው በቁማቸው ያርፋሉ። ጣውላውን ደጋግሜ አየሁት። የአንድ ከተማ ሹማምንት ስለ ተሸካሚ ጀርባ ተነጋግረው ገንዘብ አወጡ ማለት ነው። የእኛዎቹ ሴቶች ግንቡን ራሳቸው ነው ያገኙት።

እማዬ በ2003 አረፈች። የላምበረቱ ግንብ ከእሷ በፊት ሄዷል፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። አሁን እዚያ አካባቢ ያለው አጥር ቀጥ ያለ፣ ልስን፣ አናቱ ላይ የእሾህ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው። ሴቶቹ ግን አላለቁም። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ገብቶም፣ መብራት በሚጠፋበትና ገንዘብ በሚያጥርበት ከተማ ጭራሮ ገዢ አያጣም። ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ ከታክሲው መስኮት አያቸዋለሁ፤ ልስኑ ላይ ሊደገፉ ሲሞክሩ እስሩ ወደ ታች ይንሸራተትባቸዋል።

እኔ ቢሮ ውስጥ ሰዓቴን ሞልቼ፣ ሲጮኽ ተነሥቼ ግድግዳ እደገፋለሁ። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሣቁ፣ አሁን ሁለቱ አብረውኝ ይቆማሉ። ሕመሙ አልለቀቀኝም፤ ግን ሌሊት አይቀሰቅሰኝም።

በኮተቤና በላምበረት መስመር አጥር የምታሠሩ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመንገዱ በኩል፣ በሴት ወገብ ልክ፣ አንድ ክንድ የሚሆን የድንጋይ እርከን አስወጡ። ለግንበኛው ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅበትም።