ወደ ጅሬን የሚያወጣው መንገድ

ጅማ ከተማ በኮረብቶች መካከል ያለች ከተማ ናት። ከነዚህ ኮረብቶች አንዱ ጅሬን ነው፤ ከከተማው መካከል 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በራሱም ላይ የንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት ይገኛል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ መንገዱ ለመጻፍ መረጥን፤ ቤተ መንግሥቱን ንጉሡ ቢያሠሩት፥ መንገዱን የሠራው የረገጠው ሁሉ ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በግቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነሱም ሊሙ እናርያ፥ ጎማ፥ ጉማ፥ ጌራና ጅማ ናቸው። የጅማን መንግሥት ያጸኑት ከ1830 እስከ 1855 የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። በ1861 የተወለዱት ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ በ1878 ነገሡ። በየአውራጃው አባ ቆሮ የሚባሉ ገዢዎች ነበሩ፤ በአገሩ ዳርቻም መግቢያና መውጫውን የሚጠብቁ ኬላዎች ነበሩ። ነጋዴው ኬላውን አልፎ፥ ባላገሩም አቤቱታውን ይዞ፥ ሁሉም ወደ ጅሬን ይወጣ ነበር። ከኮረብታው ራስ ላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ሜዳው ሁሉ ይታየዋል፤ ስለዚህ ቦታው ለንጉሥ መቀመጫ መመረጡ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከኮረብታው በታች ሂርማታ የሚባለው ታላቅ ገበያ ነበረ። በሐሙስ ቀን ከቅርብም ከሩቅም በሺ የሚቆጠር ሰው ይሰበሰብበት ነበር። የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድ፥ ማርና ቡና ይሸጥበት ነበር። ነገር ግን ታሪክን የሚጽፍ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ ሊያነሣ አይገባውም፤ በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ባሪያ ተብለው ታስረው በእነዚህ መንገዶች የተነዱት ሰዎች ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ነው። ስለዚህ ዛሬ በደስታ እየዘፈንን የምንወጣውን መንገድ እነሱ እያለቀሱ እንደ ረገጡት ማሰብ ይገባናል።

በ1882 አባ ጅፋር ለንጉሥ ምኒልክ ገበሩ። ይህን ምክር የሰጧቸው እናታቸው ገኔ ጉሚቲ እንደ ሆኑ ይነገራል። ግብሩ በየዓመቱ ስለ ተከፈለ፥ ጎረቤቶቿ በጦርነት ሲጎዱ ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ጠብቃ ኖረች። አባ ጅፋር በ1932 ዓረፉ፤ የጅማም ራስ ገዝነት በዚያው ዘመን አበቃ። ከ1936 እስከ 1941 ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ጊዜ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ አቆሙ፤ ለመኪና የሚሆን መንገድም ሠሩ። ቢሮው፥ ሱቁና ጋራዡ ሁሉ በታች ሆነ። እንዲህ ሲሆን የጅሬን መንገድ ፊቱን አዞረ፤ ቀድሞ ሰው ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የላይኛው ሰው ለገበያ፥ ለሐኪም ቤትና ለትምህርት ወደ ታች የሚወርድ ሆነ።

ቢሲክሌትም ከአውሮጳ የመጣ ዕቃ ነው። ፍሬን፥ ካቴና፥ ጎማ የምንላቸው ቃላት ከየት እንደ መጡ ይመሰክራሉ፤ ሦስቱም ከኢጣልያን ቋንቋ የተወረሱ ናቸውና። በጎማ አገር የተወለዱት ጓደኞቻችን ግን የእነሱ ጎማ ከቢሲክሌት ጎማ በፊት የነበረ ስም መሆኑን እንድንጽፍ አሳስበውናል፤ እውነታቸውን ነው። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ውድድር ስትካፈል፥ ከሯጮቿ ጋር ቢሲክሌት ነጂዎችንም ልካ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ ከመካከላችን እኩሌታው በእግር፥ እኩሌታው በቢሲክሌት ወደ ጅሬን ወጣን። በሜዳው ላይ ባለ ቢሲክሌቶቹ ቀደሙ፤ ዳገቱ ሲጸና ግን ወርደው ይገፉ ጀመር፤ እግረኞቹም ደረሱባቸው። ከእንጨት የተሠራውን ቤተ መንግሥት ሰገነቱንና ሥራውን እያደነቅን አብረን ተመለከትን።

ቁም ነገሩ የመጣው ስንመለስ ነው። ቁልቁለቱን በቢሲክሌት መውረድ ደስ ያሰኛል። ሆኖም በዚያው መንገድ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች፥ ጆንያ የተጫኑ አህዮችና ሕፃናት ይወጣሉ። አንድ የማናውቀው ወጣት ደወሉን እያቃጨለ በፍጥነት ሲያልፍ፥ አንዲት እናት ከነሸክማቸው ወደ ቦዩ ገብተው ቆሙ። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ቢሲክሌት በዚህ መንገድ አይምጣ አልን፤ ሌሎቻችን መንገድ የሁሉ ስለ ሆነ አይከለከልም አልን።

ክርክሩን ያበረደልን ታሪክ ነው። በቀድሞው ዘመን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ታላቅ ሰው ሲያገኝ ከበቅሎው ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ታላቅ ማን እንደ ሆነ ግን ዘመን ለውጦታል። ዛሬ በዚህ ዳገት ላይ ታላቁ ሰው ሸክም የያዘው ነው። ስለዚህ ባለ ቢሲክሌት ሸክም የያዘ ሰው ሲያገኝ ይውረድ፤ ወራጁ ለወጪው ያሳልፍ፤ በመታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ይያዝ ብለን ተስማማን። መንገዱም ለሁላችንም በቃን፤ ከታች እስክንደርስ ድረስ ቦይ ውስጥ የገባ ሰው አላየንም።

በአጋሮ፥ በሊሙ፥ በጌራና በሰቃ የምትኖሩ ጓደኞቻችን ሆይ! በየአገራችሁ ቡና የሚወርድበት፥ አባቶች የወጡበት የዳገት መንገድ አለ። ውጡበትና ማን እንደ ሠራው፥ ማን እንደ ረገጠው ሽማግሌዎችን ጠይቁ። የሰማችሁትንም ጻፉ፤ ካልተጻፈ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራልና።